ሳጥኑ ጾሙን በምን ይቆጥራል?

፩

ትልቅ።

ትልቅ።

ትንሽ።

ትልቅ።

ትንሽ።

ትልቅ።

ትልቅ።

ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ወይዘሮ ይርገዱ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳሪስ አካባቢ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ የግድግዳ ማብሪያ የምታህል ነገር ወደ ላይና ወደ ታች ስታደርግ ነበር። ወደ ላይ «ትልቅ» ነው፤ ወደ ታች «ትንሽ»። የምትመርጠውን ማንም እንዳያውቅባት ተነግሯታል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ታወቀባት።

ያ ስህተት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ስህተት አልነበረም፤ ሲጽፉት እጅ መታጠብ የሚያስፈልገው ዓይነት ነገር ነው።


፪

በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች፦

ይርገዱ ደምሴ። ሃምሳ አራት ዓመቷ። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። ስለ ሁሉም ነገር ትጨነቃለች፤ የማያስጨንቅ ነገር ሲገጥማት ደግሞ ለምን እንዳላስጨነቃት ትጨነቃለች።

ኤፍራታ ካሳሁን። ብቸኛ ልጇ። ፊዚክስ ተምራ ተቋሙ ውስጥ በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ትሠራለች።

ዶክተር ንዋይ። የኤፍራታ አለቃ። ገጽ ከመግለጡ በፊት አውራ ጣቱን ይልሳል። በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ሁሉ «እናታችን» ይላል።

አቶ ጥላዬ። ራሰ በራ ቴክኒሺያን። በሙከራው ላይ ሥራው ሌባ መሆን ነው፤ ሽቦው መሃል ተቀምጦ ምስጢር ይሰርቃል። ለዚህ ደሞዝ ይከፈለዋል። ከአራቱ ሰዎች ይርገዱን ያላስጠላት ሌባው ብቻ ነው።

አንዲት ጎረቤትም አለች። ስሟን እዚህ መጻፍ ወረቀቱን ማቆሸሽ ነው።


፫ — ሽቦው

ከሙከራው በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ኤፍራታ ለእናቷ እንዲህ ብላ አስረዳቻት።

«ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ ጤና ጣቢያው ይቀመጣል፣ ሌላው ደሙ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ። መሃላቸው ሽቦ።»

«እሺ።»

«በየሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሁለት ሬዚስተር አለ። ኤሌክትሪክ እንደልቡ እንዳያልፍ የሚያንገራግር ዕቃ ነው። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ሙቀት ብቻ፣ ሽቦው ላይ ድምፅ ያወጣል። በጆሮ አይሰማም፤ በመሣሪያ ይታያል።»

«ያጉረመርማል በዪኛ።»

«ያጉረመርማል። ትልቁ በርታ አድርጎ፣ ትንሹ ቀስ ብሎ። ሁለቱም ጫፍ ትልቁን ከመረጡ ጉርምርምታው ይበረታል። ሁለቱም ትንሹን ከመረጡ ይደክማል። ሽቦውን የጠለፈ ሌባ ይህን ስለሚያውቅ ያ ዙር ይጣላል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ የመረጡ ጊዜ ግን ድምፁ መካከለኛ ነው። ሌባው መለያየታቸውን ያውቃል። ትልቁ በየትኛው ጫፍ እንዳለ ግን አያውቅም።»

«እነሱስ ያውቃሉ?»

«እያንዳንዱ የራሱን ያውቃል። የኔ ትንሽ ከሆነና ድምፁ መካከለኛ ከሆነ፣ ያንቺ ትልቅ ነው። ሌላ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር በሁለታችን መሃል ተፈጠረ። እንዲህ ብዙ ጊዜ ሲደረደር ቁልፍ ይሆናል። የሕመምተኛው ውጤት በዚያ ተቆልፎ ይላካል።»

ይርገዱ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካችና ቀና አለች። «ሌባው እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ?»

«እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ።»

ስለ ፊዚክስ ሰምታ ደስ ያላት ይህን ብቻ ነው። የሚሰማ ሰው መሃል ተቀምጦ ምንም ሳያገኝ ሲቀር። ደግማ እንድትነግራት ለመነቻት።


፬

ለምን ደስ እንዳላት መጻፍ ግድ ነው፤ አጭር ይሁን።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ባሏ በሞተ በሦስተኛው ወር፣ ጤና ጣቢያው የደም ምርመራ ውጤቷን በፖስታ አድርጎ ሰጣት። ማንበብ አትችልም ነበር። ነርሷ ከነገረቻት ውስጥ ግማሹ በድንጋጤ ስላመለጣት፣ ጎረቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ወረቀቱን አነበበችላት። ጎረቤትየዋ ወረቀቱን በደንብ አጥፋ መለሰችላት፤ አቀፈቻት፤ «በኔ ይቅር» አለቻት።

በሳምንቱ ለቅሶ ቤት የእድር ሴቶች ሽንኩርት ሲከትፉ ይርገዱም ቢላዋ አንስታ ተቀመጠች። አንዷ መጥታ «አንቺ አረፍ በይ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አለችና ቢላዋውን በሁለት ጣት፣ በእጀታው ጫፍ ይዛ ወሰደችው። ከዚያም ፊት ለፊቷ አጠበችው። ሁለት ጊዜ። የከተፈችውን ሽንኩርት ለብቻው ጠርገው ደፉት።

ያች ጎረቤት ከተሰበሰቡት መሃል ተቀምጣ ዓይኗን ሽንኩርቱ ያቃጠላት መስላ ታብሰው ነበር።

ይርገዱ መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች፤ ጤነኛ ናት። በዓመት በዓመቱ ደሟ ከዚያ ጤና ጣቢያ ወደዚያ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱም ይመለሳል። እስካሁን በሞተር ሳይክል፣ በታሸገ ፖስታ ነበር። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በሽቦው ይሆናል።

ይህ እንዳይረሳ፦

የይርገዱም ውጤት በዚያ ሽቦ ነው የሚሄደው።


፭ — ለተሳታፊ የተሰጠ መመሪያ

ወንበሩ ላይ ተቀመጪ። ነጠላሽ ሽቦ እንዳይነካ ሰብሰብ አድርጊው።

ደወል ሲሰማ አንዱን ምረጪ። ትልቅ ወይም ትንሽ።

ምርጫሽን ለማንም አታሳዪ። ፊትሽንም።

እንደመጣልሽ ምረጪ።

እንደመጣልሽ።


፮

ምንም አልመጣላትም።

ሙከራው ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው ሳጥኖቹ ራሳቸው መርጠው አልፈው ነበር። ሁለተኛው ላይ ዶክተር ንዋይ በአንደኛው ጫፍ በሳጥኑ ፋንታ «ከሳይንስ ውጭ የሆነ ተራ ሰው» እንዲቀመጥ ፈለገ፤ «ማንም ሊሠራበት ይችላል» ለማለት። ቅዳሜ ሥራ የሌለው ተራ ሰው ሲፈለግ ኤፍራታ እናቷን አመጣች።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ልጃችሁ መስታወት በር ጀርባ ቆማ ታያችኋለች። አለቃዋ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ቅርፊቱን የሙከራው ወረቀት ላይ ያራግፋል። ደወሉ ይደወላል። ስልሳ ጊዜ «እንደመጣላችሁ» መምረጥ አለባችሁ። ብትሳሳቱ የልጃችሁ ስም ነው የሚበላሸው።

ዕድሜዋን ሙሉ ሥርዓት ይዛ የኖረች ሴት፣ ያለ ሥርዓት እንዴት እንደሚኖር በአንድ ጠዋት አትማርም። ይርገዱ በልቧ ከሰኞ ጀመረች። ሰኞ ይበላል፣ ትልቅ። ማክሰኞ ይበላል፣ ትልቅ። ረቡዕ ጾም ነው፣ ትንሽ። ሐሙስ ትልቅ። ዓርብ ትንሽ። ቅዳሜና እሁድ ትልቅ ትልቅ።

ኩራት ቢጤም ተሰማት። አንድም ጊዜ አልተደናገረችም።


፯ — ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ

ጥላዬ፦ ዶክተር፣ ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል።

ዶ/ር ንዋይ፦ ምን ተበላሸ?

ጥላዬ፦ ምንም። የሚቀጥሉትን ሦስት ልንገራችሁ። እትዬ ይርገዱ ትንሽ ትመርጣለች። ከዚያ ትልቅ፣ ከዚያ ትንሽ።

(ደወል። ደወል። ደወል።)

ኤፍራታ፦ ልክ ነው።

ጥላዬ፦ እትዬ፣ አሁን ቅዳሜ ደረስን አይደል?



ይርገዱ፦ ቅዳሜ ነን።

ጥላዬ፦ ከዚያ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። አራት ጊዜ ትልቅ።

ዶ/ር ንዋይ፦ ምን እያወራችሁ ነው?

ጥላዬ፦ እርስዎ ረቡዕም ዓርብም ክትፎ ቤት ስለሆኑ አይገባዎትም።

ኤፍራታ፦ አቶ ጥላዬ፣ እንዴት ደረስክበት?

ጥላዬ፦ ከምንጥላቸው ዙሮች። ድምፁ ሲበረታ ሁለቱም ትልቅ፣ ሲደክም ሁለቱም ትንሽ ነው። እሱን ማንም ያያል። እነሱን ብቻ ለቅሜ ደረደርኳቸው። በየሰባቱ የሚመላለስ ነገር ሆነብኝ። ሰባት ደግሞ ሳምንት ነው። እኔም እኮ በዚያው ነው የምኖረው።

ይርገዱ፦ አበላሸሁባችሁ።

ጥላዬ፦ ኧረ እትዬ፣ ለኔ እንደዛሬ ቀሎኝ አያውቅም።


፰

እሁድ ይርገዱ እህል አልቀመሰችም። ያንን ማብሪያ የነካችበት እጇ ራሱ ቀፈፋት። ኤፍራታ ልታጽናናት ቁጭ አለች።

«እማ፣ በቃ ተዪው። እውነተኛው ሽቦ ላይ ሰው አይመርጥም። ሳጥኑ ራሱ ነው የሚመርጠው። የመጀመሪያውን ክፍል አላየሽም? አልፏል።»

«ሳጥኑ በምን ይመርጣል?»

«ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ትልቅ፣ ሙሉ ከሆነ ትንሽ።»

«ቁጥሩን ከየት ያመጣዋል?»

«ካለፈው ቁጥር። ያለፈውን ያባዛል፣ ይቆርጣል፣ ብዙ ነገር ያደርገዋል።»

«የመጀመሪያውንስ?»

«እሱን ነገ ገብቼ አየዋለሁ» አለች ኤፍራታ።

«እኔ ሞኟ ጾሜን ቆጠርኩ» አለች ይርገዱ። «እሱስ ጾሙን በምን ይቆጥራል?»


፱

ሰኞ ጠዋት ኤፍራታ የሳጥኑን ሶኬት ነቅላ መልሳ ሰካች። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ምርጫዎች ጻፈች። ደግማ ነቀለች።

3፡10 — ትንሽ ትንሽ ትልቅ ትንሽ ትልቅ ትልቅ ትልቅ ትንሽ

3፡25 — ትንሽ ትንሽ ትልቅ ትንሽ ትልቅ ትልቅ ትልቅ ትንሽ

3፡40 — ትንሽ ትንሽ ትልቅ ትንሽ ትልቅ ትልቅ ትልቅ ትንሽ

መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሳጥኑ ከዚያው ቁጥር ይጀምራል። ጤና ጣቢያው ባለበት ሰፈር መብራት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይጠፋል። እንዲህ ዓይነት ሳጥን ያለው ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ዝርዝሩን ሊጽፍ ይችላል። መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ የማንን ውጤት እንደሚያነብ መምረጥ።


፲ — ሽቦው

ማክሰኞ ይርገዱ ተጠራች። «ትንሽ ወረቀት ነገር አለች፣ እናታችን ትምጣልን» ብሎ ነበር ዶክተር ንዋይ። ቀድማ ስለደረሰች ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ቢሮው የተከፈለው በስስ ኮምፖርሳቶ ነው። ድምፅ ያሳልፋል።

መነሳት ነበረባት። አልተነሳችም። እዚህ ላይ ይርገዱ ራሷ መሃል የተቀመጠችው ሰው ሆነች፤ ለዚህም ራሷን ተጸየፈች፤ ግን ሰማች።

«ፊዚክሱን ሰበርሽው?» ይላል እሱ።

«አልሰበርኩትም። ፊዚክሱ ደህና ነው። መራጩ ነው የተበላሸው።»

«መራጩን እኛ አልሠራነውም። ተገዝቶ የመጣ ዕቃ ነው።»

«ሽቦው ላይ የሚቀመጠው ግን እሱ ነው ዶክተር። ሁለት ወር ስጡኝ፣ እለውጠዋለሁ።»

«ዓርብ የጤና ጣቢያው ሰዎች ይመጣሉ። ለጋዜጣ ተናግሬአለሁ። ሁለት ወር ብዬ ልደውልላቸው?»

«ትናንት ሦስቴ ነቅዬ ሰካሁት፤ ሦስቴም ያንኑ ተራ መረጠ። መብራት ሲጠፋ—»

«ጄኔሬተር አላቸው።»

«ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሳጥኑ ይጠፋል። ያው ነው።»

እንቁላል ሲላጥ የሚሰማ ድምፅ።

«ኤፍራታ፣ ያንቺም ኮንትራት ዓርብ ነው ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርሰው። እያስፈራራሁሽ አይደለም። ቀኑን ነው የነገርኩሽ።»



«እሺ» አለች ኤፍራታ።


፲፩

እሺ።


፲፪

ይህ ቁጥር ዶክተር ንዋይ ከዚያ በኋላ ስለ ይርገዱና ፊደል ስላልቆጠሩት «ዓይነቶቿ» የተናገረው የሚጻፍበት ነበር። ተጽፎ ነበር። ተቀድዶ ተጣለ።






፲፫

ቢሮው ሞቃትና እንቁላል እንቁላል የሚሸት ነበር። ኤፍራታ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ወደ ውጭ ታያለች። ወደ እናቷ አልዞረችም። አቶ ጥላዬ በሩ ጋ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ መውጣት ፈልጎ ውጣ የሚለው ያጣ ሰው ይመስል ቆሟል።

«እናታችን፣ ይቀመጡ። ቅዳሜ በጣም ነው ያስደሰቱን።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ዶክተር ንዋይ አውራ ጣቱን ላሰና ከተከመሩት ወረቀቶች አንዱን ሳበ። የምራቁ ምልክት ጥግ ላይ ቀረ። ወረቀቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ የማኅተም ቀለሙን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠላት። ከዚያ ጣቱን መስመሮቹ ላይ እየነዳ አነበበላት።

«እኔ ወይዘሮ ይርገዱ ደምሴ በሙከራው በፈቃዴ ስለተሳተፍኩ ደስታዬን እገልጻለሁ። ይኸው ነው። ከታች እዚህች ጋ አሻራዎትን ጠቅ ማድረግ።»

ይርገዱ ጣቱ የሄደበትን መንገድ በዓይኗ ተከተለች። ጣቱ አራት መስመር ሄዷል። አፉ አንድ መስመር ተኩል ነው የተናገረው።

«መነጽሬን ላውጣ» አለች።

«ለአሻራ መነጽር ምን ይሠራል፣ እናታችን?» ሳቀ።

አወጣችው።


፲፬

ማንበብ ገና ይከብዳታል። ረጅም ቃል ሲገጥማት ከመሃሉ ትጠፋለች፤ ተመልሳ ከመነሻው ትጀምራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ታፍር ነበር። ያን ቀን አላፈረችም፤ ቢሮው ውስጥ ከሷ ከንፈር ሌላ የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

በወረቀቱ ላይ የነበረው ይህ ነው፦

*እኔ ወ/ሮ ይርገዱ ደምሴ ማንበብና መጻፍ የማልችል በመሆኔ መመሪያውን ባለመረዳቴ የሙከራው ሁለተኛ ክፍል በኔ ጥፋት የተበላሸ መሆኑን፣ በመሣሪያው በኩል ምንም እንከን አለመኖሩንና መስመሩ ሊጠለፍ የማይችል መሆኑን አረጋግጣለሁ።*

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሁለተኛው ጊዜ ቀፈፋት። የውሸቱ ክብደት አልነበረም። ቀለሙ ተከፍቶ መጠበቁ ነበር። ጣቷ የሚያርፍበት ቦታ በእርሳስ ክብ ተሠርቶለት ነበር፤ ለሕፃን እንደሚሠራ።

«ይኼ ያነበቡልኝ አይደለም» አለች።

«ያው ሐሳቡ አንድ ነው።»

«አይደለም።»

«እናታችን፣ ይህ እኮ ለልጅዎም ነው። ነገሩ በእርስዎ በኩል ካለፈ እሷን የሚጠይቃት የለም።»

ይርገዱ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ኤፊ።»

«እማ» አለች ኤፍራታ ሳትዞር።

«ይኼን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ?»

ኤፍራታ እጇን የመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረች። ይርገዱ የልጇን ጀርባ እያየች፣ የዚያችን የጎረቤቷን ዓይን አስታወሰች፤ ሽንኩርት ያቃጠለው የሚመስለውን። ልጇን ከዚያች ሴት ጋር አብራ ማሰቧ ከሁሉ በላይ አስጠላት። በዕድሜዋ ያልተጸየፈችው ነገር ቢኖር ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች።


፲፭

«እስክርቢቶ አለህ?» አለችው አቶ ጥላዬን።

አቶ ጥላዬ ዶክተሩን አየ፤ ከዚያ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

«ጥላዬ» አለ ዶክተር ንዋይ።

«እኔ ሌባ ነኝ ዶክተር። ዕቃ ስሰጥ ነው የሚያስገርመው?»

ይርገዱ የታተመውን አራት መስመር፣ እያንዳንዱን ለብቻው፣ ቀጥ አድርጋ ሰረዘችው። ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ መጻፍ ጀመረች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ዶክተር ንዋይ ሁለት ጊዜ «ይህ የተቋሙ ሰነድ ነው» አለ። ሊነጥቃት ግን እጁን አልዘረጋም። አሥራ አራት ዓመት መድኃኒት የወሰደች ሴት መሆኗን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ሰው እያየው፣ የሠራተኛውን እናት ወረቀት መንጠቅ እንደማያምር ብቻ ነው።

ጨርሳ ቀና ስትል ግንባሯ ወዝቶ ነበር። ወረቀቱን ለዶክተር ንዋይ አልሰጠችም። ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከልጇ እጅ አጠገብ አኖረችው። እስክርቢቶውንም ከላዩ።

«ስሕተት ካለበት አንቺ አርሚው» አለች። «ከሌለበት ግን አትንኪው።»


፲፮ — ወረቀቱ እንዳለ

*እኔ ይርገዱ ደምሴ ማንበብ እችላለሁ። ቅዳሜ በተራ የመረጥኩ እኔ ነኝ ጥፋቱ የኔ ነው። ሳጥኑም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደኔው በተራ ይመርጣል። ሽቦው ይሰማል። በሱ የሚላከው የሰው ደም ነው የኔም አለበት። ልጄ ሰኞ በዓይኗ አይታለች።*

*የተሳታፊ ፊርማ፦* ይርገዱ ደምሴ

*ከላይ የተገለጸው ትክክል መሆኑን ያረጋገጠ ተመራማሪ፦*

*ስም፦* ኤፍራታ ካሳሁን

*ፊርማ፦*